ተቀናቃኞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ፦ የአሜሪካ ኮንግረስ የማዘመኛ ኮሚቴ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ስለ አሜሪካ የፖለቲካ ክርክር መበላሸት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ማን ማንን ምን ብሎ እንደ ሰደበ በመዘርዘር ይጀምርና በዚያው ያበቃል። ይህ ጥናት የሚመለከተው ክርክሩን ከውስጥ ለመጠገን የተደረገን አንድ ሙከራ ነው። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በ2019 መጀመሪያ የራሱን አሠራር የሚመረምር ልዩ ኮሚቴ በ418 ድጋፍና በ12 ተቃውሞ አቋቋመ። ኮንግረስን እንዲያዘምን የተቋቋመው ይህ ኮሚቴ አራት ዓመት ሠርቶ በ2022 መጨረሻ ሲዘጋ 202 ምክረ ሐሳቦችን አቅርቦ ነበር። አብዛኞቹ ምክረ ሐሳቦች ስለ ኮምፒውተር ሥርዓት፣ ስለ ሠራተኞች ደመወዝና ስለ ስብሰባ መርሐ ግብር የሚናገሩ፣ ለውጭ ተመልካች ደረቅ የሚመስሉ ናቸው። ጉዳዩን መመዝገብ የሚያስፈልገው ይልቁንም የሁለቱ ፓርቲ አባላት እነዚያን ሐሳቦች ለማውጣት የተነጋገሩበት መንገድ በዙሪያቸው ከነበረው ምክር ቤት ፈጽሞ የተለየ ስለ ነበር ነው።

በጉዳዩ የተሳተፉትን ሰዎች በስማቸው ሳይሆን በኃላፊነታቸው ብቻ እጠቅሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መታረም አለበት። የአሜሪካ ምክር ቤት ድሮ የጨዋዎች ሸንጎ ነበረ፣ በቅርቡ ተበላሸ የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከ1836 እስከ 1844 ድረስ ተወካዮች ምክር ቤት ባርነትን የሚቃወሙ አቤቱታዎች እንዳይነበቡና እንዳይታዩ ደንብ አውጥቶ ከልክሎ ነበር፤ በ1856 ደግሞ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ባርነትን የነቀፈን ሴናተር በሴኔቱ አዳራሽ ውስጥ በከዘራ ደብድቦ ራሱን እንዲስት አድርጎታል። ስለዚህ ጨዋ መስሎ የሚታይ ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ዋናው ጥያቄ እንዳይነሣ መከልከያ ሊሆን ይችላል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ለሰለሰ አነጋገር ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ወገኖች በከረረ ጉዳይ ላይ ተከራክረው የጋራ ሥራ ሊወጣቸው ይችላል ወይ ስለሚለው ነው።

በቅርቡ ዘመን ይህንን ችሎታ የሸረሸሩት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ለጉዳያችን የሚጠቅሙት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። የምክር ቤቱ ስብሰባዎች ከ1979 ጀምሮ በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። በ1984 አንድ የወጣት ሪፐብሊካን አባላት ቡድን የዕለቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ለንግግር የሚሰጠውን ጊዜ ተጠቅሞ ተቀናቃኞቹን በስም እየጠራ ይከስስ ነበር። ካሜራው የሚያሳየው ተናጋሪውን ብቻ ስለ ነበር፣ ተመልካቹ የተከሰሱት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው መልስ ያጡ ይመስለው ነበር፤ አዳራሹ ግን ባዶ ነበር። በወቅቱ የነበሩት ዴሞክራት አፈ ጉባኤ ካሜራው ባዶውን አዳራሽ እንዲያሳይ አዘዙ፤ ቆየት ብለውም በቁጣ ከመድረኩ የተናገሩት ቃል ደንብ የጣሰ ነው ተብሎ ተወሰነባቸው። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ዋና ነገር ስድቡን አይደለም። ተናጋሪው የሚያናግረው ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ቴሌቪዥን ወደሚያየው መራጭ ቤት መሄዱን ነው። አጠገብህ ያለውን ሰው ማሳመን ካላስፈለገህ የምትናገረውም ሌላ ይሆናል።

ቀጥሎ የመጣው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከ1995 በኋላ የምክር ቤቱ አመራር የሥራ ሳምንቱን አሳጥሮ አባላት ቤተሰባቸውን ወደ ዋሽንግተን ሳያመጡ በየምርጫ ክልላቸው እንዲቆዩ አበረታታ። ለመራጩ ቅርብ መሆን በራሱ መልካም ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ አባላት በአብዛኛው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ የሚገናኙ፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት የማይማሩ፣ ሚስቶቻቸውና ባሎቻቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። የክርክር ደንቡም ጠበበ። አንድ ረቂቅ ሕግ በ«ክፍት ደንብ» ሲቀርብ ማንኛውም አባል ማሻሻያ አቅርቦ ድምፅ እንዲሰጥበት ማድረግ ይችላል፤ በ2017 እና በ2018 በተካሄደው ኮንግረስ ግን በዚህ ዓይነት ደንብ የቀረበ አንድም ረቂቅ አልነበረም። የረቂቁን አንዲት ቃል መለወጥ የማይችል አባል የሚያደርገው ንግግር ክርክር ከሚባል መግለጫ ቢባል ይቀርበዋል።

ከዚህ ቀደም የተሞከረ መፍትሔም ነበር። በ1997 ከ200 በላይ አባላት ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ፔንሲልቬንያዋ የኸርሺ ከተማ ሄደው ስለ መከባበር ተወያዩ፤ ልጆቻቸው አብረው ተጫወቱ፣ እነሱም አብረው በሉ። ተሳታፊዎቹ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። በታኅሣሥ 1998 ግን ይኸው ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱን በፓርቲ መስመር ተከፍሎ ከሰሰ። የኸርሺው ጉዞ ጥቂት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ቀረ። ሰዎቹ ወደ ዋሽንግተን ሲመለሱ የጠበቃቸው ያው ደንብ፣ ያው የመርሐ ግብር ጥበትና ያው የምርጫ ሒሳብ ስለ ነበር በእራት ላይ የተገኘው ወዳጅነት የሚይዘው ቦታ አላገኘም።

መራጩ ሕዝብም ከዚህ ውጭ አልነበረም። የፒው የምርምር ማዕከል እንዳሳተመው፣ በ2016 ከሪፐብሊካን ወገን 47 ከመቶው፣ ከዴሞክራት ወገን 35 ከመቶው ሌላኛውን ፓርቲ የሚደግፉ ሰዎች ከሌላው አሜሪካዊ ይልቅ ሥነ ምግባር የጎደላቸው ናቸው ብለው ነበር፤ በ2022 ቁጥሮቹ ወደ 72 እና ወደ 63 ከፍ ብለዋል። እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት በፖሊሲ አለመስማማትን ሳይሆን የሌላውን ሰው ባሕርይ መጠራጠርን ነው።

ችግሩ ከቅርብ ሲታይ

ኮሚቴው ሥራውን ሲጀምር ያደረገው ጥሩ ነገር «ፖላራይዜሽን» (የፖለቲካ ወገኖች በጽንፍ መራራቅ) የሚለውን ትልቅ ቃል ወደ ትንንሽና ሊነኩ ወደሚችሉ ነገሮች መመንዘሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ የአዲስ አባላት አቀባበል ነበር። ከምርጫ በኋላ ለትውውቅ ወደ ዋሽንግተን የሚመጡት አዲስ ተመራጮች ከአንዳንድ ዝግጅቶች ሲወጡ ዴሞክራቶቹ በአንድ አውቶቡስ፣ ሪፐብሊካኖቹ በሌላ አውቶቡስ ይጫኑ ነበር። አዲስ ተመራጭ ገና የቢሮውን ቁልፍ ሳይረከብ ከማን ጋር መቀመጥ እንደሌለበት ይማራል ማለት ነው።

ሌላው የምስክር መስሚያ ስብሰባ ቅርጽ ነው። በተለመደው አሠራር የኮሚቴ አባላት ከፍ ባለ መድረክ ላይ በፓርቲ ተለይተው በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አባል አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ያችንም በቁጣ ወይም በተዘጋጀ ንግግር ሞልቶ፣ ቪዲዮው ተቆርጦ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲለቀቅለት አድርጎ፣ ብዙ ጊዜም የሚቀጥለውን ተናጋሪ ሳይሰማ ይወጣል። አንድ አባል የጠየቀውን ሌላው አይከታተልለትም። ምስክሩም እርስ በርሱ የማይገናኝ ጥያቄ ሲመልስ ይውላል።

ሦስተኛው የሠራተኞች ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ኮሚቴዎች በጀታቸውን በፓርቲ ከፍለው ሁለት የተለያዩ የሠራተኛ ቡድኖች ይቀጥራሉ። ሁለቱ ቡድኖች ለየራሳቸው አለቃ ሰነድ ስለሚያዘጋጁ፣ አባላቱ ስብሰባ ሲገቡ የሚከራከሩት በአንድ መረጃ ላይ በተለያየ አስተያየት ሳይሆን በሁለት የተለያዩ መረጃዎች ላይ ይሆናል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የኮሚቴው አወቃቀር ራሱ የመጀመሪያው እርምጃ ነበር። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴዎች አብላጫ መቀመጫ የሚይዘው በምክር ቤቱ አብላጫ ያለው ፓርቲ ነው፤ ይህ ኮሚቴ ግን ስድስት ዴሞክራቶችና ስድስት ሪፐብሊካኖች ነበሩት። ማንኛውም ምክረ ሐሳብ እንዲያልፍ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንደኛው ወገን ሌላውን አሸንፎ የሚያገኘው ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ውሳኔዎች ደንብ ያዘዛቸው ሳይሆኑ የሰብሳቢውና የምክትላቸው ምርጫ ናቸው። ሰብሳቢው ከምዕራብ ጠረፍ የመጡ ዴሞክራት ነበሩ፤ ምክትሎቻቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የነበሩትም በኋላ የተተኩትም፣ ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ሪፐብሊካኖች ነበሩ። በጀቱን ለሁለት ከመክፈል ይልቅ አንድ የጋራ የሠራተኛ ቡድን ቀጠሩ፤ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ዴሞክራት፣ አንዳንዶቹ ሪፐብሊካን ሆነው የሚያዘጋጁት ሰነድ ግን አንድ ነበር። አባላቱ በፓርቲ ተለይተው ሳይሆን አንድ ዴሞክራት፣ አንድ ሪፐብሊካን እየሆኑ ተሰባጥረው ተቀመጡ። ይህ ለታይታ ብቻ የተደረገ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በስብሰባ መካከል «ይህ ሰውዬ ምን ማለቱ ነው?» ብሎ አጠገቡ ያለውን የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ከሌላው ፓርቲ የመጣውን ሆነ። ቆይቶም ከፍ ያለው መድረክ ቀርቶ አባላትና ምስክሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በእኩል ከፍታ፣ የአምስት ደቂቃው ሰዓት ሳይቆጠርባቸው መነጋገር ጀመሩ። አንድ አባል ጥያቄ ሲያነሣ ሌላው ያንኑ ጥያቄ ተቀብሎ ይቀጥልበት ነበር።

የአጀንዳው ቅደም ተከተልም በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ምክረ ሐሳቦች፣ በ2019 የጸደይ ወራት የወጡት፣ የሕግ ሰነዶችን ለሕዝብ ግልጽ ስለማድረግ የሚናገሩ ነበሩ፤ ለምሳሌ አንድ ማሻሻያ ነባሩን ሕግ በምን መልኩ እንደሚለውጠው ጎን ለጎን የሚያሳይ የኮምፒውተር መሣሪያ እንዲስፋፋ የሚል ነበረበት። በዚህ ላይ የሚጣላ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው እነዚህን አጽድቆ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ከባዱ፣ ማለትም አባላት ለየምርጫ ክልላቸው ፕሮጀክት በጀት ስለሚጠይቁበት አሠራር ወደ መሳሰለው የተሸጋገረው፤ ይህ አሠራር ከ2011 ጀምሮ ታግዶ የቆየ፣ በሙስናም ስሙ የጠፋ ነበር። በመጋቢት 2020 ምክር ቤቱ ከኮሚቴው የወጡ በርካታ ምክረ ሐሳቦችን የያዘ የውሳኔ ሐሳብ በ395 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ አጸደቀ። ብዙ ሰው የዚያን ወር ምክር ቤት የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው፤ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ከተከሰሱበት ጉዳይ ሴኔቱ ነጻ ካላቸው ገና አንድ ወር መሆኑ ነበር።

ጃንዋሪ 6 እና የኮሚቴው ፈተና

ኮሚቴው ለሁለተኛ ዘመን በታደሰ በቀናት ውስጥ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021፣ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ውጤት የተቃወመ ሕዝብ የኮንግረስን ሕንፃ፣ ካፒቶሉን፣ ሰብሮ ገባ። በዚያው ዕለት ሌሊት 139 የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካን አባላት ቢያንስ የአንድ ግዛት ውጤት እንዳይጸድቅ ድምፅ ሰጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በምክር ቤቱ አዳራሽ በሮች ላይ አባላት ራሳቸው የሚያልፉባቸው የብረት መፈተሻዎች ተተከሉ፤ አንዳንድ ዴሞክራቶችም ውጤቱን ከተቃወመ ሰው ጋር ረቂቅ ሕግ በጋራ አናቀርብም አሉ። ከኮሚቴው ሪፐብሊካን አባላት መካከል ውጤቱን የተቃወሙም ያልተቃወሙም ነበሩ፤ አዲሱ ምክትል ሰብሳቢ ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የተለመደው መንገድ «ያለፈው አልፏል፣ ወደ ሥራችን እንግባ» ማለት ነው። ኮሚቴው ይህን አላደረገም። የዓመቱን ዕቅድ ለማውጣት ከመቀመጡ በፊት አባላቱ ስለዚያ ቀን ራሱ እንዲነጋገሩ ተደረገ፤ ይህንንም በግጭት አፈታት ልምድ ያላቸው ሰዎች አገዙ። ውይይቱ አባላቱን በምርጫው ጉዳይ አላስማማቸውም፣ ዓላማውም ያ አልነበረም። እያንዳንዱ ያንን ቀን የት ሆኖ እንዳሳለፈና ለምን እንደዚያ ድምፅ እንደሰጠ ሌላው ሰማ። በዚያው ዓመት ኮሚቴው ስለ ምክር ቤቱ ባህል በጠራው የምስክር መስሚያ ስብሰባ የድርጅት ሥነ ልቦና ምሁር፣ የቤተሰብ አማካሪና ስለ ግጭት የጻፈች ጋዜጠኛ ቀርበው መሰከሩ። የሕግ አውጪዎች ኮሚቴ የባልና ሚስት ጠብ የሚያስታርቅ ባለሙያ ጠርቶ ምክር መጠየቁ ለአንዳንዶች ቀልድ መስሎ ታይቷል። እኔ ግን ከአራቱ ዓመታት ሥራ ይህን በትክክለኛነቱ አስቀድመዋለሁ፤ ምክንያቱም ኮሚቴው ችግሩ የእውቀት ማነስ ሳይሆን የግንኙነት መበላሸት መሆኑን በአደባባይ ያመነበት ጊዜ ነው።

የተሳካውና ያልተሳካው

ኮሚቴው ከነልዩነቱ ሥራውን ጨረሰ። በሁለተኛው ዘመን 105 ተጨማሪ ምክረ ሐሳቦችን በሁለት ሦስተኛው ደንብ አሳለፈ፤ ኮሚቴው ሲዘጋም ከጠቅላላው ከግማሽ በላዩ በሙሉ ወይም በከፊል ተግባራዊ ሆነው ነበር። ለምርጫ ክልል ፕሮጀክቶች በጀት የመጠየቁ አሠራር በጥብቅ የግልጽነት ደንብ ተመለሰ፤ አባላት ረቂቅ ሕጎችን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማስገባት ጀመሩ። በ2023 ሥራው በቋሚ ኮሚቴ ሥር ወደ ተቋቋመ ንዑስ ኮሚቴ ተላለፈ፤ በአሜሪካ ምክር ቤት የአብላጫው ፓርቲ ሲለወጥ ያለፈው ሥራ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ስለሚቀር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያልተሳካው ደግሞ የሚያስተምር ነው። ኮሚቴው አባላት በዋሽንግተን ሙሉ የሥራ ቀን የሚቆዩበትን ጊዜ ከመንገድ ቀናቸው እንዲበልጥ፣ የኮሚቴ ስብሰባዎችም እንዳይጋጩ መርሐ ግብሩ እንዲከለስ ቢጠይቅም የቀን መቁጠሪያው የአመራሩ ሥልጣን ስለሆነ ዋናው ነገር አልተለወጠም። የክብ ጠረጴዛው ቅርጽ ለሌሎች ኮሚቴዎች እንደ ሙከራ ተመክሮ ነበር፤ ትልልቆቹ ኮሚቴዎች ግን በከፍታ መድረካቸውና በአምስት ደቂቃቸው ቀጠሉ። ኮሚቴው ስለ ምርጫ ገንዘብ፣ ስለ ምርጫ ክልል አከላለልና ፓርቲዎች ዕጩ ስለሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ ለመናገር ሥልጣን አልነበረውም፤ የአባላቱን የዕለት ባሕርይ በብርቱ የሚቀርጹት ግን እነዚህ ናቸው። የምርጫ ክልሉ ለአንድ ፓርቲ ያደላ አባል የሚፈራው ሌላውን ፓርቲ ሳይሆን በራሱ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚነሣበትን የባሰ አክራሪ ነው፤ ከተቀናቃኝ ጋር በመስማማቱም የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ሰፊው ምክር ቤትም ከኮሚቴው ጎን ለጎን በሌላ መንገድ ሄደ። በ2023 መጀመሪያ አፈ ጉባኤ ለመምረጥ 15 ጊዜ ድምፅ መስጠት አስፈለገ፤ እንዲህ የተመረጡት አፈ ጉባኤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በ216 ለ210 ድምፅ ከሥልጣን ተነሡ፤ በአሜሪካ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አባልን በአዳራሹ መካከል አስቁሞ የሚነበበው የውግዘት ውሳኔ ከ2010 በኋላ እስከ 2021 ድረስ ያልተሠራበት ከባድ ቅጣት ነበር፤ በ2023 ብቻ ሦስት አባላት ላይ ተላለፈ።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ይህን ጉዳይ የኮንግረስ አባል ላልሆነ አንባቢም፣ ለምሳሌ የተከፋፈለ የማኅበር ቦርድ ለሚመራ ሰው፣ ጠቃሚ የሚያደርገው ኮሚቴው የጨዋነት ስብከት ሳይሰብክ መሥራቱ ነው። «ተከባበሩ» የሚል ቃለ ጉባኤ አላጸደቀም። የኸርሺው ጉዞ ስሜትን ለመለወጥ ሞከረና ደንቡን እንዳለ ተወው፤ ማዘመኛ ኮሚቴው ግን መጀመሪያ መቀመጫውን፣ የድምፅ መስጫ ደንቡንና ሰነድ አዘጋጁን ለወጠና ስሜቱ ተከትሎ መጣ። አወዛጋቢ ጉዳይ የሚመረምር አካል የሚያቋቁም ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «አንዱ ወገን ብቻውን ማሸነፍ ይችላል ወይ?» የሚለውን ነው። ከቻለ ውይይቱ የድምፅ ቆጠራ መጠበቂያ ይሆናል።

ከዚያ ቀጥሎ የምመክረው የጋራ ሰነድ አዘጋጅ ነው። ብዙ ሰው በሽምግልናና በአወያይ ላይ ያተኩራል፤ ሁለት ወገኖች ስለ አንድ ነገር ሁለት የተለያዩ የቁጥር ሰነዶች ይዘው ከገቡ ግን ምንም አወያይ አያድናቸውም። ቀላሉን ማስቀደምም ይጠቅማል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ከባዱ ነገር በመጨረሻ መነሣት አለበት። ኮሚቴው በሰነድ ግልጽነት ጀምሮ እዚያው ቢቀር ኖሮ ለጃንዋሪ 6 የሚሆን አቅም አይኖረውም ነበር።

ገደቡም መታየት አለበት። ኮሚቴው ትንሽ ነበር፤ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም፤ የሚወያይባቸውም ጉዳዮች ፅንስ ማስወረድን፣ የጦር መሣሪያን ወይም ስደተኞችን የሚመለከቱ አልነበሩም። ካሜራ ያልበዛበት ቦታ መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም። በአሥራ ሁለት ሰዎች መካከል የተሠራ መተማመን ለምክር ቤቱ 435 አባላት የሚደርሰው አመራሩ መርሐ ግብሩንና የክርክር ደንቡን ሲለውጥ፣ መራጩም በቅድመ ምርጫ ከተቀናቃኙ ጋር የሠራውን ሰው ሳይቀጣ ሲቀር ነው። እነዚህ ሁለቱም ከኮሚቴው እጅ ውጭ ነበሩ። ሰብሳቢው በ2024 ለምርጫ ሳይቀርቡ ቀሩ፤ የኮሚቴው ሠራተኞች ያጠራቀሙት ልምድ በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የሚገኘው በንዑስ ኮሚቴው ውስጥና ገና ባልተፈጸሙት ምክረ ሐሳቦች ዝርዝር ላይ ነው። ከዚያ ዝርዝር በመጀመሪያ መነሣት ያለበት በእኔ ግምት የሥራ መርሐ ግብሩ ነው፤ ምክንያቱም ሕግ ማሻሻል አያስፈልገውም፣ የሁለቱ ፓርቲዎች አመራር አንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቢስማሙ ይበቃል።